አዲስ ሰርቨር ከመግዛት አስቀድሞ ያለውን ስለ መቃኘት

በገና ደርዳሪ ድምፁ አልሰምር ቢለው አስቀድሞ አውታሩን ይመረምራል፤ የላላውን ያጠብቃል፥ የጠበቀውን ያላላል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንጨቱ ወይም ቆዳው እንደ ተበላሸ የሚፈርደው። ሳይቃኝ ሌላ በገና ልግዛ የሚል ደርዳሪ በአገራችን አይገኝም። በመሥሪያ ቤቶቻችን ዘንድ ግን ይህን የሚመስል ነገር በየጊዜው ስለምናይ፥ ስለዚሁ ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድን።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚገለጥበት ቀን በዲላ ከተማ አውራ መንገድ ያለፈ ሰው ነገሩን ማንም ሳይነግረው ይረዳዋል። ከቡሌ ደጋ የወረደው፥ ከኮቸሬና ከገደብ በመኪና የመጣው ወጣት ስልኩን ይዞ በየግድግዳው ጥግ ይቆማል፤ አባቱም ከአጠገቡ ቆሞ ፊት ፊቱን ያየዋል። ልጁ መለያ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ገጹ ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል። ደግሞ ይጽፋል፤ ደግሞም ይቀራል። መልስ ባጣ ቁጥር ደጋግሞ ስለሚነካው አንዱ ሰው በሰርቨሩ ዘንድ እንደ አሥር ሰው ይቆጠራል፤ ጭንቁም ራሱን በራሱ ያበዛል። በ2015 ዓ.ም. ለዚሁ ፈተና የተቀመጡት 845 ሺህ ያህል ነበሩ፤ ከነዚህም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ገጹን የሚጠብቀው ልጅ ምን ያህል ልቡ እንደሚመታ ማሰብ ይቻላል። ውጤቱ ከድረ ገጽ ሌላ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ጭምር እንዲሰጥ መደረጉ ሸክሙን ስለሚያካፍል የሚመሰገን ሥራ ነው።

በእንዲህ ያለው ቀን ማግሥት በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማው ቃል ግን አንድ ነው፤ «ሰርቨሩ አልቻለም፥ የሚበልጥ ይገዛ» የሚል።

ይገዛ ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሰርቨር የሚገዛው በውጭ ገንዘብ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ስለዚህ ያው ማሽን በብር ሲታሰብ ዋጋው በእጥፍ ሊጨምር ምንም አልቀረው። ዶላሩስ ከወዴት ይመጣል? ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ ኮረብታ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር እሸት ቡናውን አንድ በአንድ ለቅሞ፥ በጀርባው ተሸክሞ ወደ መፈልፈያው ከሚያደርሰው ገበሬ እጅ ነው። የዚህ ሰው ልጅ ውጤቱን ለማየት ተቸግሮ ሲቆም፥ በአባቱ ቡና ሌላ ማሽን ተገዝቶ ገጹ እንደ ቀድሞው ነጭ ቢሆንበት፥ ጉዳቱ እጥፍ መሆኑ አይደለምን?

እንደ ቀድሞው ሊሆን ይችላል ማለታችን በግምት አይደለም። አፓቼ የሚባለው፥ በዓለም ሁሉ የታወቀው ገጽ አዳይ ፕሮግራም፥ በአንደኛው አሠራሩ ሲጫን በአንድ ጊዜ 256 ጠያቂ ብቻ እንዲቀበል ተወስኖ ይመጣል። ማይኤስኪውኤል የተባለውም የመረጃ ቋት መረጃ አቅርቦ የሚይዝበትን ዋና የሚሞሪ ስፍራ ሲጫን 128 ሜጋ ባይት ብቻ አድርጎ ይመጣል። የማሽኑ ሚሞሪ 8 ጊጋ ባይት ቢሆን 128 ነው፤ 64 ጊጋ ባይት ቢሆንም ያው 128 ነው። ቁጥሩን የሚለውጠው ሰው ካልተገኘ፥ ብዙ ዶላር የወጣበት ሚሞሪ እንደ ተዘጋ ጎተራ ባዶውን ይቀመጣል። በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ማሽን መጥቶ፥ ሪባን ተቆርጦለት፥ ከወር በኋላ ሠራተኞቹ ስለ ዘገየ ገጽ ያንኑ የቀድሞውን ስሞታ ሲያሰሙ በጆሯችን ሰምተናል። ማሽኑ ተለውጦ ነበር፤ የአሠራሩ ወረቀት ግን ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንዳለ ተገልብጦ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። የደከመው የትኛው ነው? ፕሮሰሰሩ ነውን? ሚሞሪው ነውን? ዲስኩ ነውን? ወይስ ሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ የጠበበው የኢንተርኔቱ መሥመር ነው? ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ ይህን የሚያሳዩት መሣሪያዎች ያለ ምንም ዋጋ አብረው የሚመጡ ናቸው። የመረጃ ቋቱም ዘግይተው የተመለሱትን ጥያቄዎች ብቻ ለይቶ የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ሆኖም ይህ መዝገብ ሲጫን ተዘግቶ ስለሚመጣ ከፍቶ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። ሐኪም የደም ግፊት ሳይለካ መድኃኒት ቢያዝ እንከሰዋለን፤ ሳይለካ ሰርቨር የሚያዘውን ግን ትጉህ ነው እንለዋለን።

ከሚገኙት ሕመሞች ሁሉ የተለመደውና ለብዙ ሰው እንግዳ የሚሆነው ይህ ነው። አንድ ማሽን 8 ጊጋ ባይት ሚሞሪ አለው እንበል፤ ሁለቱ ለሥርዓቱና ለመረጃ ቋቱ ቢተው 6 ይቀራል። እያንዳንዱን ጠያቂ የሚያስተናግደው የፕሮግራም ክፍል 50 ሜጋ ባይት ቢይዝ፥ 6 ጊጋ ባይት የሚበቃው ለ120 ብቻ ነው። ነገር ግን አሠራሩ 256 እንዲገቡ የተፈቀደበት እንደ ሆነ፥ ሁሉ ገብተው ወደ 12.8 ጊጋ ባይት ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ማሽኑ የሚሞሪውን ሥራ ወደ ዲስክ እያወጣና እየመለሰ ይሠራል፤ ዲስክ ደግሞ ከሚሞሪ በሺህ እጅ የዘገየ ስለሆነ፥ የመጨረሻው ገቢ ብቻ ሳይሆን መጀመሪያ የገባውም ጭምር መልስ ያጣል። መድኃኒቱ ታዲያ በሩን ማስፋት ሳይሆን ማጥበብ ነው፤ 120 ብቻ እየገቡ የቀሩት ደጅ በተራ ቢጠብቁ ሁሉም ፈጥነው ይስተናገዳሉ።

ይህን የጌዴኦ ቡና መፈልፈያ ኃላፊ ያለ ኮምፒዩተር ያውቀዋል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ መፈልፈያው በአንድ ሌሊት ከሚችለው በላይ የተቀበለ እንደ ሆነ የተረፈው እየሞቀ፥ እየፈላ ጣዕሙን ያጣል። የተበላሸውም ከደህናው ጋር ከተደባለቀ የደህናውን ዋጋ ይዞት ይወርዳል። አስተዋይ ኃላፊ ስለዚህ ከአቅሙ በላይ አይመዝንም። ሁለተኛ መፈልፈያ ከማቆሙ በፊትም የውኃው ቦይ እንዳልተደፈነ፥ የመፈልፈያው ጥርስ እንዳልዶለዶመ፥ የማድረቂያው አልጋ እንዳልጠበበ ይመለከታል፤ አልጋው ጠባብ ከሆነ ሁለተኛው መፈልፈያ የሚጨምርለት ክምር ብቻ ነውና።

ስለ ወረፋ የተጻፈ አንድ ሕግ አለ፤ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 በማስረጃ ያጸናው ነው። በአንድ ስፍራ ውስጥ የሚገኙ እንግዶች ቁጥር፥ በየሴኮንዱ የሚገቡት በሚቆዩበት ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው ይላል። በሴኮንድ 100 ጥያቄ የሚመጣበት ገጽ ለእያንዳንዱ 2 ሴኮንድ ቢፈጅ፥ ማሽኑ ሁልጊዜ 200 ሰው በጫንቃው ይሸከማል፤ ያንኑ በግማሽ ሴኮንድ ቢፈጽም የሚሸከመው 50 ብቻ ነው። እንግዲህ አንድን ጥያቄ በአራት እጅ ማፍጠን በሸክሙ ላይ ሦስት ማሽን እንደ መጨመር ይቆጠራል፤ የጉምሩክም ቀረጥ የለበትም።

ማፍጠኑስ በምን ይሆናል? አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው ፍለጋው ነው። 845 ሺህ ስም ያለበት መዝገብ ማውጫ ያልተበጀለት እንደ ሆነ፥ ኮምፒዩተሩ አንዱን ተማሪ ለማግኘት ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሮ ሁሉን ያነባል። በመለያ ቁጥር ማውጫ ቢሠራለት ግን ከ20 በማይበልጥ ማነጻጸር ያገኘዋል። ስንክሳር በየወሩና በየዕለቱ ተከፍሎ ስለ ተጻፈ አንባቢው የዕለቱን በአንድ ጊዜ ገልጦ ያነባል፤ ታሪኮቹ እንዲሁ ያለ ተራ ተከማችተው ቢሆን ኖሮ ቅዳሴው ሳይጀመር በነጋ ነበር። ይህን ማውጫ የሚያበጀው ትእዛዝ ደግሞ የአንድ መሥመር ጽሑፍ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። የተገለጠ ውጤት በማግሥቱ አይለወጥም። የማይለወጠውን ነገር በየጥያቄው እንደ አዲስ ማዘጋጀት ለምን ያስፈልጋል? በንባብ ቤት ያደግን ሰዎች እናስታውሳለን፤ የኔታ መቶ ልጅ ሲኖራቸው ለመቶው ሁሉ ራሳቸው ፊደል አያስቆጥሩም ነበር። ፊደሉን የዘለቀው ልጅ ለታናሹ ያስቆጥራል፤ ዳዊት የደገመው ለንባብ ጀማሪው ያነባል፤ ወደ የኔታ የሚደርሰው ታላላቆቹ ያልመለሱት ብቻ ነው። ኮምፒዩተረኞች ካሽ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አንድ ጊዜ የተዘጋጀውን መልስ በቅርብ አኑሮ፥ የመረጃ ቋቱን ሳያስቸግሩ መስጠት። የአንድ ተማሪ ውጤት ተጽፎ ከ1 ኪሎ ባይት አይበልጥም፤ የ845 ሺህ ተማሪ ውጤት እንግዲህ ተደምሮ 1 ጊጋ ባይት አይሞላም። የመላዋ ኢትዮጵያ ውጤት በልጁ እጅ ባለው ስልክ ሚሞሪ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ይህን ለማደል ግዙፍ ማሽን የሚያስፈልግ መስሎ ከታየን ስህተቱ ከማሽኑ አይደለም።

ስለ ቀሩት በአጭሩ እናልፋለን። ጽሑፍን አጥፎ መላክ የሚላከውን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። መሥመሩን ይዞ የሚቆይ ጠያቂ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ እንዲቆይ መወሰን ስፍራ ያስለቅቃል። የስብሰባ ፎቶግራፍ በየገጹ አናት ላይ ሳይቀነስ መለጠፍም ቢቀር መልካም ነበር፤ ውጤቱን የሚፈልግ ልጅ በውድ የገዛውን ዳታ የአለቆችን ጭብጨባ ለማየት ሊያወጣው አይገባም።

ይህ የድሆች አገር ብልሃት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ወደ አሜሪካ ይመልከት። ሄልዝኬር ጎቭ የተባለው የጤና ዋስትና ድረ ገጽ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት፥ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የፈጸሙት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ገንዘብ ያጣ መንግሥት አልነበረም። የተጠሩት ባለሙያዎች አስቀድመው የጠየቁት ገጹ የቱ ላይ እንደሚዘገይ የሚያሳየውን መለኪያ ነው፤ ቀጥሎም በየጊዜው የሚጠየቀውን መረጃ በቅርብ አኖሩት፥ በመቶ የሚቆጠሩ ስህተቶችንም አረሙ። ማሽንም ተጨምሯል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን በጥቅምት መጨረሻ 8 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው ምላሽ በኅዳር መጨረሻ ከ1 ሴኮንድ በታች የሆነው ማሽን በመጨመር ብቻ አይደለም። ኢጎር ሲሶየቭ የተባለው ሩሲያዊም በ2004 ኤንጂንኤክስ የተባለውን ፕሮግራም ለሕዝብ ሲሰጥ ዓላማው በዚያው በአንዱ ማሽን ብዙ ሺህ ሰው ማስተናገድ ነበር፤ ፕሮግራሙ ዛሬም በነጻ ይገኛል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ የሚኖርበት የጌዴኦ ምድር ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለም። መሬት ሲጠብበት ሌላ መሬት ያላገኘው ገበሬ በዚያው ባለው ላይ ታላላቁን ዛፍ ከላይ፥ እንሰቱን ከሥሩ፥ ቡናውን ከዚያ ዝቅ አድርጎ በደርብ ተከለ፤ ይህም ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ያረጀ ቡናም ሲነጥፍበት ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይጎነድለዋል፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ያው ሥር ያፈራል።

እርግጥ ጉንደላ የማያድነው ቡና አለ፤ መቃኘት የማያድነው ሰርቨርም አለ። ማውጫው ተበጅቶ፥ ካሹ ተዘጋጅቶ፥ ቁጥሩ ሁሉ ከሚሞሪው ጋር ተመጣጥኖ ሳለ ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ፥ ዲስኩም መክሸፍ ከጀመረ፥ ያን ጊዜ አለመግዛት ስስት ይሆናል። ሁለተኛ ማሽን ለአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ መሆኑም የተለየ ነገር ነው። እኛ የምንቃወመው ግዢውን ሳይሆን ልኬት የሌለውን ግዢ ነው፤ ይልቁንም የበጀቱ ዓመት በሰኔ 30 ስለሚዘጋ፥ የተረፈው ገንዘብ እንዳይመለስ ሲባል ብቻ በሰኔ ወር በጥድፊያ የሚፈጸመውን።

ስለዚህ የሰርቨር ግዢ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት ሁሉ ከማመልከቻው ጋር አንድ ገጽ ልኬት እንዲያያይዝ ቢታዘዝ እንወዳለን፤ በጭንቁ ሰዓት ፕሮሰሰሩ፥ ሚሞሪው፥ ዲስኩና መሥመሩ ምን ያህል እንደ ተያዙ፥ ምንስ ተቃንቶ ምን ለውጥ እንደ ተገኘ የሚናገር። ይህን የሚጽፍ ሰው የለንም እንዳይባል፥ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የዲላ ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንኳ በየዓመቱ ኮምፒዩተር የተማሩ ወጣቶችን ያስመርቃል። ውጤት ከሚገለጥበት ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከነዚህ ጥቂቶቹ ተጠርተው፥ በሐሰተኛ መለያ ቁጥር ሰርቨሩን እንደ ዕለቱ አድርገው ያስጨንቁት፤ ሲወድቅም የት ላይ እንደ ወደቀ ይጻፍ። በዚያ ቀን ቢወድቅ የሚያየው አስጨናቂው ብቻ ነው፤ ከቡሌ የወረደው ልጅ ገና በቤቱ ነው።