ባለቤት አልባ የተባለው ውሻ ባለቤት

በኢትዮጵያ ከተሞች የውሻ ቁጥር በዛ፣ ሰው ተነከሰ፣ ሌሊቱ በጩኸት ታወከ በተባለ ቁጥር የሚሰጠው መልስ ለበርካታ ዓመታት እምብዛም አልተለወጠም፤ በጨለማ መርዝ የገባበት ሥጋ ይበተናል፣ ሲነጋ ሬሳው ተሰብስቦ ይጣላል፣ የተገደሉትም ተቆጥረው እንደ ሥራ ውጤት በሪፖርት ይሰፍራሉ። ይህ አሠራር በሁለት እምነቶች ላይ ይቆማል፦ አንደኛው በየመንገዱ የሚታየው ውሻ «ባለቤት አልባ» ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ውሻ በተገደለ መጠን ቁጥሩ ይቀንሳል የሚል ነው። የመጀመሪያው እምነት የችግሩን ምንጭ ይሰውራል፤ ሁለተኛው ደግሞ በተደጋጋሚ ተሞክሮ ያልሠራን ዘዴ መፍትሔ ያስመስላል።

«ባለቤት አልባ» የሚለው ስያሜ ውሻውን ሲገልጽ ሰውየውን ስለሚደብቅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባዋል። በመንገድ ላይ የሚታዩት ውሾች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ከፊሎቹ ቀን ታስረው ውለው ማታ የሚፈቱ፣ ወይም የባለቤታቸው ቤት አጥር ስለሌለው ደጅ የሚውሉ ናቸው፤ ከፊሎቹ የሰፈሩ ሁሉ የሆኑ፣ ዘበኛውና ባለ ሥጋ ቤቱ ትርፍራፊ የሚወረውሩላቸው ናቸው፤ ከሰው ጋር ምንም ትስስር የሌላቸው ቀሪዎቹም ቢሆኑ፣ ወይ ራሳቸው ወይ እናታቸው ወይ አያታቸው ከአንድ ግቢ የወጡ ናቸው። የሚወጡበት መንገድም የታወቀ ነው። ለጥበቃ በአብዛኛው የሚፈለገው ወንድ ስለሆነ፣ የቤት ውሻ በወለደች ጊዜ ወንዶቹ ቡችሎች ለጎረቤትና ለዘመድ ይታደላሉ፤ ሴቶቹ ግን ጡት ሳይጥሉ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በካርቶን ተደርገው ወንዝ ዳር፣ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ወይም ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ይጣላሉ። ከእነዚህ መካከል ተርፋ ያደገችው ነገ መንገድ ላይ ትወልዳለች፤ የምትወልዳቸውም «ባለቤት አልባ» ይባላሉ።

የመራባቱ ስሌት ከባድ አይደለም። ሴት ውሻ በአብዛኛው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜዋ ለስሪያ ትደርሳለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፤ ከፀነሰች በ63 ቀን ግድም አምስት ስድስት ቡችሎች ትወልዳለች። በውጭ አገር የሚሠራጩ የቅስቀሳ ጽሑፎች አንዲት ሴት ውሻና ዘሮቿ በስድስት ዓመት 67 ሺህ ይደርሳሉ ይላሉ፤ ይህ ቁጥር ግን የተወለደ ሁሉ አድጎ ይወልዳል ብሎ ስለሚነሣ ሊታመን አይገባም፤ መንገድ ላይ ከተወለዱት ቡችሎች አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው በረኀብ፣ በበሽታና በመኪና ያልቃሉ። ሆኖም ግነቱን መተው የችግሩን ክብደት አያቀልለውም፤ በዓመት ከምትወልዳቸው ዐሥር ቡችሎች ሁለቱ ብቻ ቢተርፉ እንኳ፣ በመርዝ የሞቱትን ለመተካት በቂ ናቸው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአገሬው ብሂል ለታማኝነት ይጠቀስ እንጂ፣ የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት «የመሸከም ዐቅም» የሚሉትንም ነገር በአጭሩ ይናገራል። የመሸከም ዐቅም ማለት አንድ አካባቢ በምግቡ፣ በውኃውና በመጠለያው ሊያኖረው የሚችለው የእንስሳት ብዛት ነው። የውሻን ቁጥር የሚወስነው ክዳን የሌለው ገንዳ፣ ከሥጋ ቤት የሚጣል አጥንትና ሳይነሣ የሚያድር ቆሻሻ ነው። ግማሾቹ ውሾች ሲገደሉ ምግቡ አይቀንስም፤ የተረፉት ሴቶች የተሻለ ይበላሉ፣ ቡችሎቻቸው በብዛት ያድጋሉ፣ ከአጎራባች ሰፈርም አዳዲስ ውሾች ወደ ባዶው ቦታ ይገባሉ። ከንቲባው ያጸዳውን መንገድ ገንዳው መልሶ ይሞላዋል።

ለግድያው የሚቀርበው ዋና ማመካኛ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው የዋዛ አይደለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል፣ በዓለም ዙሪያም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች እንደሚሞቱበት ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው 100 አጋጣሚዎችም 99ኙን የሚያደርሰው ውሻ ነው። ነገር ግን የበሽታው ክብደት የመድኃኒቱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ውሾችን መግደል ብቻውን የበሽታውን ሥርጭት እንደማይገታ፣ የሚገታው ከ100 ውሾች 70 ያህሉን በየጊዜው መከተብ እንደሆነ ካስታወቁ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በኢንዶኔዥያዋ የፍሎሬስ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲገባ ባለሥልጣናቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከደሴቲቱ ውሾች ግማሽ ያህሉን አስገደሉ፤ በሽታው ግን አልወጣም። በዚያው አገር በባሊ ደሴትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መርዝ ተሞክሮ ሥርጭቱን አላቆመም፤ የሰው ሞት የቀነሰው የጅምላ ክትባት ከተጀመረ በኋላ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፣ ስለዚህ በክትባት የተገነባውን መከላከያ ያፈርሳል፤ ውሻው እንዳይገደልበት የሚፈራ ባለቤትም ወደ ሌላ ሰፈር ያሸሸዋል፣ በሽታውም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

አሠራሩን በቅርብ ለተመለከተው ደግሞ «ማስወገድ» የሚለው የቢሮ ቃል ምን እንደሚሸፍን ይገለጥለታል። በሰፊው የሚታወቀው መርዝ ስትሪክኒን፣ ከአንድ የእስያ ዛፍ ፍሬ የሚገኝ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጡንቻዎች እንዲላሉ በሠረሠር በኩል የሚተላለፈውን መልእክት ያግዳል። መርዙን የበላ ውሻ ጀርባው ይቆለመማል፣ እግሮቹ እንደ እንጨት ይደርቃሉ፣ ኮሽታ በሰማ ቁጥር መላ አካሉ ይንዘፈዘፋል፤ ራሱን ሳይስት ይቆይና የደረቱ ጡንቻዎች መተንፈስ ሲከለክሉት ታፍኖ ይሞታል። ጉዳቱ በእርሱም አያበቃም፤ ሬሳው በወቅቱ ካልተነሣ ጅብና ጥንብ አንሣ ይበሉታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በርካታ የአፍሪካ የጥንብ አንሣ ዝርያዎች እጅግ ለመጥፋት በተቃረቡት መዝገብ ውስጥ የገቡ ሲሆን፣ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው። የከተማን ጥንብ በነፃ የሚያጸዳውን ወፍ በመርዝ የሚገድል ጽዳት ራሱን ይቃረናል።

የመርዙ ተቃራኒ የሆነው መንገድ ማኮላሸት ነው። ማኮላሸት በወንዱ ላይ ቆለጡን ማውጣት ማለት ሲሆን፣ በሴቷ ላይ በሰመመን ሆዷ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ የእንቁላል ማምረቻዋን፣ ብዙውን ጊዜም ማሕፀኗን ጭምር ማስወገድ ነው፤ በዚያው ጊዜ ክትባት ይሰጣታል፣ እንደገና እንዳትያዝም ጆሮዋ ላይ ምልክት ይደረግና ወደተወሰደችበት ሰፈር ትመለሳለች። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ማስረገዝ ስለሚችል፣ ወንዶቹን ብቻ ማኮላሸት ቁጥሩን እምብዛም አይቀንስም፤ ቁልፉ ያለው በሴቶቹ ላይ ነው። በሕንድ የጃይፑር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረ ፕሮግራም ከ100 ሴት ውሾች 65 ያህሉ ተኮላሽተው ሲከተቡ፣ በስምንት ዓመት ገደማ የመንገድ ውሾች ቁጥር ከመቶ 28 ያህል ቀነሰ፤ ፕሮግራሙ በሸፈነው አካባቢም በበሽታው የሚሞት ሰው ጠፋ። ቅነሳው አዝጋሚ ነው፤ ግን የቀነሰው ተመልሶ አልሞላም።

በማኮላሸት ላይ የሚነሣው የተለመደ ተቃውሞ ተፈጥሮን መጻረር ነው፣ ኃጢአትም ነው የሚል ነው። ይህን ተቃውሞ የሚያሰማው ኅብረተሰብ ግን ሰንጋ የሚለውን ቃል ያወጣ፣ ለበዓል ሙክት የሚመርጥና በተኮላሸ በሬ የሚያርስ ኅብረተሰብ ነው። ለሥጋና ለእርሻ ሲሆን የተፈቀደው፣ ቡችላን ከገንዳ ለማዳን ሲሆን ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም። የተኮላሸ ውሻ ጠባቂነቱን ያጣል የሚለውም ስጋት ከማስረጃ ይልቅ ከልማድ የመነጨ ነው፤ ውሻ ግቢውን የሚጠብቀው ግቢው የእኔ ነው ብሎ እንጂ ስሪያ ፈልጎ አይደለም፤ ስሪያ ፍለጋ አጥር ዘሎ የሚጠፋውም ያልተኮላሸው ነው። ሴቷ ደግሞ በማሕፀን መመረዝ ከመሞት ትድናለች።

ጉዳዩ ከከተማ ውጭም ይዘልቃል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ በባሌ ተራሮች ይኖራሉ፤ በዚያ እ.ኤ.አ. በ2003 ከእረኞች ውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጁን ያህል ጨረሰ። ከበሽታውም ሌላ ውሾች ከቀበሮዎቹ ጋር ተዳቅለው ድቅል ዘር መውለዳቸው ተረጋግጧል። በሽታውን ክትባት ይገታዋል፤ መዳቀልን ግን ክትባት አያስቀርም።

በመጨረሻ የሚቀረው «የግንዛቤ እጥረት» የሚባለው የሁሉ ችግር ማመካኛ ነው። ሕዝቡ ሊነገረው የሚገባ ብዙ ነገር እንዳለ አይካድም፤ ሆኖም የእንስሳት ሕክምናው በዋናነት በቀንድ ከብትና በዶሮ ዙሪያ በተዋቀረበት፣ ሴት ውሻ ማስኮላሸት በጥቂት ከተሞች ክሊኒኮች ብቻና በደኅና ገንዘብ በሚገኝበት አገር፣ ባለቤቱን አስተምሮ ወደማይገኝ አገልግሎት መላክ ፌዝ ነው። ግንዛቤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መርዝ ለሚገዛው በጀት ነው። ያ በጀት ወደ ክትባትና ማኮላሸት ቢዞር፣ ውሻ ያለው ሁሉ እንዲያስመዘግብ ቢገደድ፣ ቡችላ የሚጥል ቢጠየቅና ገንዳው ክዳን ቢኖረው፣ «ባለቤት አልባ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ የሚገልጸው ነገር ያጣል። ይህ እስኪሆን ድረስ ቆጠራው ይቀጥላል፤ መርዙ በተበተነበት ሌሊት ፀንሳ የተረፈች አንዲት ውሻ በ63 ቀን ግድም ትወልዳለችና።