ለመልሱ የሚሟገት፣ ለሕይወቱ ዝም የሚል ተሳፋሪ፦ የመንገድ ደኅንነትና የማኅበረሰብ አመለካከት

በአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪ ድምፁን ከፍ የሚያደርግባቸው ጊዜያት የታወቁ ናቸው፤ «ወራጅ አለ» ሲልና ረዳቱ መልስ ሲያስቀርበት። የአንድ ብር ጉድለት መላውን ታክሲ ሊያነታርክ ይችላል። ያው ታክሲ ቀለበት መንገድ ላይ ወጥቶ በተሽከርካሪዎች መካከል እየተሽሎከለከ ሲከንፍ ግን ብዙውን ጊዜ ዝምታ ይሰፍናል። አንዱ ተሳፋሪ «ሾፌር፣ ቀስ በል እንጂ» ቢል እንኳ አጋዥ አያገኝም፤ ይባስ ብሎ የቸኮለ ሰው ይቆጣዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ዝምታ ይነሣል፦ የመንገድ ደኅንነት ጉድለት የአሽከርካሪው ጥፋት ብቻ ሳይሆን፣ አደጋን እንደ ተራ ነገር የተቀበለ አመለካከት ውጤትም ነው።

የጉዳዩ ክብደት አያጠያይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ይሞታሉ። ከእነዚህም 92 በመቶ የሚሆኑት የሚሞቱት ኢትዮጵያን በመሰሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያትም ይኸው ነው።

አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚሰማው ቃል ግን «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ሐዘንተኛን ያጽናናል፤ ለማጽናኛነቱም ክብር ይገባዋል። ችግሩ ማጽናኛው የምርመራን ቦታ ሲወስድ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። አሽከርካሪው መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ያን ያህል ርቀት ያለ ፍሬን ተጉዟል ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ ዕጣ ፈንታ አይደለም።

ኅብረተሰቡ አደጋውን አያውቅም ማለት አይቻልም። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ሕዝብ የሚገድለውን ጠንቅቆ ያውቃል። ዕውቀቱ ግን ወደ ቀልድ እንጂ ወደ ተቃውሞ አልተሸጋገረም። ለሕግ ያለው አመለካከትም ከዚህ አይለይም። ከፊት የተቀመጠ ተሳፋሪ የደኅንነት ቀበቶውን ሳያስር ደረቱ ላይ ጣል የሚያደርገው ለትራፊክ ፖሊስ እንዲታይለት ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣ አሽከርካሪም መብራት ብልጭ አድርጎ ፖሊስ መኖሩን ይጠቁማል፤ የተነገረውም ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ፖሊሱን ሲያልፍ መልሶ ይጨምራል። ድርጊቱ እንደ መረዳዳት ይቆጠራል። በተግባር ግን ተባብሮ ከሕግ ማምለጥ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሸክሙን ሁሉ በተሳፋሪው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም። ብዙ የታክሲ አሽከርካሪዎች ለባለንብረቱ በቀን የተወሰነ ገቢ ማስገባት ይጠበቅባቸዋል፤ ለእነርሱና ለረዳታቸው የሚተርፈው ከዚያ በላይ ያገኙት ነው። በዚህ አሠራር አንድ ተጨማሪ ምልልስ የዕለት እንጀራ ነው፤ ፍጥነትም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በታክሲ እጥረት ረጅም ሰልፍ ጠብቆ የተሳፈረ ሰውም ውረድ እንዳይባል ቢፈራ አያስገርምም።

ስለዚህ መፍትሔው ሁለት ወገን ሊኖረው ይገባል። የሚመለከታቸው አካላት የገቢ አሠራሩን ሊፈትሹ፣ ተሳፋሪ ጥቆማ የሚሰጥበትን ስልክ ቁጥር በየታክሲው ውስጥ በጉልህ ሊያስለጥፉ፣ ለጥቆማውም ምላሽ ሊሰጡ ይገባል። የግንዛቤ ትምህርቱም አሽከርካሪውን ከመገሠጽ አልፎ «ቀስ በል» ማለት የተሳፋሪ መብት መሆኑን ማስረዳት አለበት። ከተሳፋሪው የሚጠበቀው ብዙ አይደለም፤ አንዱ «ሾፌር፣ ቀስ በል» ሲል ሁለተኛው «እውነቱን ነው» ቢለው በቂ ጅምር ነው። ለአንድ ብር መልስ በአንድነት የሚነሣው ድምፅ ለሕይወትም ሊነሣ ይችላል።