ወንድሜ ሰነፍ አልነበረም!

የዛሬው ወጌ የራሴው ጥፋት ነው።

ሐራ፣ እናታችን ቤት፣ የ13 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ። 6ኛ ክፍልን አንዴ ደግሟል፤ አሁንም ሊወድቅ ነው ተባለ። ለበዓል በሄድኩ ቁጥር ካርዱን አይና እቆጣዋለሁ። ባለፈውማ ኩርኩም አቅምሼዋለሁ። ጎረቤቱም «ከመንገድ ማዶ ሰው አይቶ ሰላም አይልም፣ ኩራተኛ ነው» ይለዋል።

ሰሞኑን አብረን ወልድያ ልንሄድ መንገድ ዳር ቆመን «ሚኒባስ ሲመጣ ንገረኝ» ብዬው እኔ ወሬ ያዝኩ። ሚኒባሱ አልፎን እብስ! ጮህኩበት።

«ጋሼ፣ የጭነት መኪና መስሎኝ ነው። ከሩቅ እኮ መኪና ሁሉ አንድ ነው» አይለኝም!

ክው አልኩ። «የክፍሉ ሰሌዳስ?»

«ነጭ ነጭ ነገር ይታየኛል። የምጽፈው ከጓደኛዬ ደብተር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ መስሎኝ!»

ወልድያ አስመረመርኩት። የሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር ነበር፤ መነጽር ታዘዘለት። በቃ፣ ይኸው ነው! በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት፣ እይታቸው ከደከመ ሰዎች ከመቶ 33 ያህሉ ችግራቸው በመነጽር የሚስተካከል ዓይነት ነበር።

እናንተ ከተሜዎች፣ አገር ቤት ስትገቡ ይህችን ፈተና ይዛችሁ ሂዱ። ልጁን ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ራቅ አድርጋችሁ አጠገባችሁ አቁሙት። መጀመሪያ አንዱን ዓይኑን፣ ቀጥሎ ሌላውን በመዳፉ ይሸፍን። እናንተ የምታነቡትን እሱ ካላነበበ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ዓይኑን ካጨነቆረ፣ ደብተሩን አፍንጫው ላይ ከለጠፈ፣ ራሴን አመመኝ ካበዛም እንዲሁ። የደከመው አንዱ ዓይን ብቻ ከሆነ ልጁ ራሱም ላያውቀው ይችላል፤ እሱ ደግሞ በትንሽነቱ፣ 7 እና 8 ዓመት ሳይሞላው ካልተደረሰበት ሕክምናው ይከብዳል። «መነጽር ዓይን ያበላሻል» የሚባለውንም አትስሙ፤ ሐኪም መርምሮ ያዘዘው መነጽር ዓይን አያደክምም።

ወንድሜ መነጽሩን አድርጎ ክፍል የገባ ዕለት ደውሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ጋሼ፣ መምህራችን ይሄን ሁሉ ነበር እንዴ የሚጽፉት?»

ያቺ ኩርኩም እስካሁን የምታመው እኔን ነው። ቸር ሰንብቱ!