የዜግነት ሕግ እንዴት ይወጣል

ዜግነት ለሰው ከአባቱ ርስት የማያንስ ሀብት ነው። ርስቱን የተነጠቀ በዳኛ ፊት ቆሞ ይሟገታል፤ ዜግነቱን ያጣ ግን የሚቆምበት ምድር የለውም። ስለዚህ የዜግነት ሕግ በምን መንገድ እንደሚወጣ መረዳት ለሹማምንትም ለካህናትም የተገባ ነው።

የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. ሲታወጅ አገራችን ገና ምክር ቤት አልነበራትም፤ ሕገ መንግሥቱ የተሰጠው በዓመቱ ነው። በዚያ ሕግ፣ በውጭ አገር የባዕድ ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት የባልዋን ዜግነት ካገኘች የራስዋን ታጣ ነበር። ዛሬ ግን በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 መሠረት ጋብቻ ዜግነትን አያስቀርም፤ ስለ ዜግነት ሕግ የማውጣትም ሥልጣን በአንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተሰጥቷል።

መንገዱም እንዲህ ነው። ረቂቁ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከተመረመረ በኋላ ለተወካዮች ይቀርባል፤ በመጀመሪያው ንባብ ዓላማው ተሰምቶ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምረዋል፤ የሚመለከታቸውንም ጠርቶ ሐሳባቸውን ይሰማል። ከዚያ ከውሳኔ ሐሳቡ ጋራ ለሁለተኛ ንባብ ተመልሶ፣ ከአባላቱ ከእኩሌታ የሚበልጡት በተገኙበት፣ በድምፅ ብልጫ ይወሰናል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ይፈርማሉ፤ ባይፈርሙም ሕጉ ይጸናል፤ በነጋሪት ጋዜጣም ይታተማል።

ከእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ለሕዝብ በር የሚከፈተው በኮሚቴው ጊዜ ነው። የቆቦ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ወደ ማሽላ እርሻው የሚመልሰው ሳያልፈው ነው፤ ካለፈው በኋላ ቦይ መቆፈር ድካም ብቻ ነው።

ነገሩ ለቆቦና ለራያ ቆላ ሩቅ አይደለም። ከዚያ አገር ብዙ ወጣቶች በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ዐረብ አገር ይሻገራሉ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ስለሚል፣ በስደት የወለደች እናት ልጅዋ አገር አያጣም። ነገር ግን ያው አዋጅ በአንቀጽ 20፣ ከውጭ አገር አባት ተወልዶ የአባቱን ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነትን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጥረዋል። ሕጉን ሳይሰማ ዓመቱ ያለፈበት ልጅ፣ ያላወቀውን ነገር ፈቀደ ተባለ ማለት ነው።

ቀድሞ አዋጅ ነጋሪት እየተጐሰመ በገበያ ይነገር ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ነጋሪቱ ወረቀት ሆኗል፤ ወረቀት ደግሞ አንባቢ ይሻል። ስለዚህ ወደ ፊት የዜግነት ሕግ ማሻሻያ በተረቀቀ ጊዜ፣ ቋሚ ኮሚቴው ጥሪውን በአዲስ አበባ አዳራሽ ሳይወስን፣ ልጆቻቸው ወደ ተሰደዱባቸው ወረዳዎች ቢልክ መልካም ነው። ሹማምንትም በየስብሰባው፣ ካህናትም በዐውደ ምሕረት፣ ሼኾችም በየመስጊዱ ረቂቁን ያሰሙ፤ የእናቶችንም ቃል ጽፈው ከሁለተኛው ንባብ በፊት ይላኩ።