አዲስ ዎኪ ቶኪ አይገዛ!

ክበባችን በወላጆች ቀን ከበሩ እስከ መድረኩ የሚነጋገርባቸው ሁለት ዎኪ ቶኪዎች አሉት። አንዳንድ አባላት “ድምፁ ይቆራረጣል፣ ዋቱ ከፍ ያለ ይገዛ” ይላሉ። እኔ አልስማማም። ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ለማይክ ገመድ ይዋል ባይ ነኝ።

የእነዚህ ሬዲዮዎች ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መሐል ላይ ግንብ ወይም ጉብታ ካለ ይዳከማል። ባለ 5 ዋቱን በባለ 10 ብንቀይረው ግንቡ እኮ እዚያው ነው! ገላጣ ቦታ ላይ እንኳን ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ፈቃድ ያላቸው አማተሮች ግን በባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ጋር ይነጋገራሉ። መሐል ግንብ የለማ! ስለዚህ ከእኛም አንዱ ፎቁ በረንዳ ላይ ይቁም።

አያያዛችንስ? አንዳንዱ ሬዲዮውን አጋድሞ አንቴናውን በእጁ ይጨብጣል። ሁለቱም አንቴናዎች ወደ ላይ ቀጥ ማለት አለባቸው፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ከተኛ ድምፁ ይደክማል። ደግሞ ቁልፉን ተጭኖ ትንሽ ቆይቶ ነው መናገር። “አራተኛ ክፍል ይግባ” ሲባል “ክፍል ይግባ” ብቻ የሚሰማው እኮ ለዚህ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ክፍል ይገባል። ባትሪውም ከዋዜማው ቻርጅ ይደረግ።