ፊዚክስን ከሕዋስ ምን አገናኘው?

ፊዚክስ የግዑዙ ዓለም፣ ባዮሎጂ የሕይወት ሳይንስ ነው የሚል ክፍፍል በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ይታያል። እኛ ግን ይህ ክፍፍል ሁለቱንም ወገን ይጎዳል እንላለን። ለዚህም አንድ ማስረጃ እናቅርብ።

ሕዋሳትን በሳህን ላይ ማሳደግ የተለመደ ሥራ ነው፤ አስቸጋሪው ያደጉትን ሳይጎዱ ማንሣት ነው። ለዚህ ሲባል የሚጨመረው ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ሕዋሳቱን ከሳህኑ ጋር ያጣበቁትን ፕሮቲኖች ይቆራርጣል። ሆኖም ሕዋስን ከሕዋስ ያስተሳሰሩትንም አይምርም። ስለሆነም እንደ ጨርቅ ተያይዞ ያደገው ሽፋን ተበታትኖ ይነሣል።

መፍትሔው ፖሊ-ኤን-አይሶፕሮፒል አክሪላማይድ ከተባለ ፖሊመር ተገኘ። ይህ ፖሊመር ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች በውኃ ይሟሟል፤ ከዚያ በላይ ውኃን ይሸሻል። ስኳር በሙቅ ሻይ ውስጥ ይበልጥ ሲሟሟ የለመደ ሰው በዚህ ቢገረም አያስደንቅም። ምስጢሩ ኢንትሮፒ ነው። በቅዝቃዜ ጊዜ የውኃ ሞለኪውሎች የፖሊመሩን ውኃ ሸሽ ክፍሎች ከበው በሥርዓት ይሰለፋሉ፤ ሙቀት ሲጨምር ሰልፉ ይፈርሳል፣ ሰንሰለቱም ይኮማተራል።

ቴሩኦ ኦካኖና የጃፓን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ይህንን ጠባይ ለሕዋስ ማንሻ እንዳዋሉት አሳወቁ። ፖሊመሩ በሳህን ላይ በ20 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ሲለበጥ፣ ሕዋሳት በ37 ዲግሪ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ሳህኑ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሽፋኑ ሳይበታተን ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ ከሕሙማኑ ከራሳቸው አፍ ተወስዶ በዚህ ዘዴ ያደገ ሽፋን በአራት ሰዎች ዓይን ላይ ያለ ስፌት ተተክሎ የማየት ችሎታቸው ተሻሽሏል።

ዘዴው ሁሉን ፈዋሽ አይደለም። ለልብ ድካም የተሠራ ተመሳሳይ ሽፋን በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅድመ ሁኔታ ቢፈቀድም፣ ፈዋሽነቱ በበቂ ባለመረጋገጡ በ2024 ሙሉ ፈቃድ ሳያገኝ ቀርቷል። ሽፋኑን በደህና ማንሣት የፊዚክስ ድል ነው፤ ልብን መፈወስ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ሄስኪንስና ጊዬ እ.ኤ.አ. በ1968 የዚህን ፖሊመር የመሟሟት ጠባይ ሲዘግቡ ርዕሳቸው ፖሊመርና ውኃ እንጂ ዓይን አልነበረም። ዕውቀት ጥቅሙ እስኪታወቅ ድረስ አይጠና ቢባል ኖሮ፣ ሐኪሙ የሚያነሣው ሽፋን ባልኖረ ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎቻችን የጋራ ቤተ ሙከራ ቢጀምሩ መልካም ነው እንላለን። ጥቂት የፖሊመር ውሕድ፣ ቴርሞሜትርና ሙቅ ውኃ ለመነሻ ይበቃል፤ ጥርት ያለው ውሕድ በ32 ዲግሪ አካባቢ እንደ ወተት ሲነጣ፣ የፊዚክስም የባዮሎጂም ተማሪ ኢንትሮፒን በዓይኑ ያያል።