ኀዘን ደዌ ሲሆን

ከጣርማ በር ዋሻ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ደጋው አልቆ ቆላው መጀመሩን አየሩ ራሱ ይነግረዋል። ሰው ከተፈጥሮ ኀዘን ወደ ኀዘን ደዌ ሲወርድ ግን እንዲህ ያለ ግልጥ ምልክት የለምና፥ ቤተ ሰቡ ሳያውቀው ይሰነብታል። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች ድባቴ ስለሚሉት በሽታ ጥቂት ቃል ልንናገር ወደድን።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ በተነሣው ሁከት፥ ደግሞም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጣርማ በር ግርጌ በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ቀዬውን ጥሎ ተሰደደ። ዘመዱን ለቀበረና ጎጆውን ላጣ ሰው ማዘን ተፈጥሮ ነው እንጂ በሽታ አይባልም። እንዲህ ያለው ኀዘን መጣ ሄድ ይላል፤ በመካከሉም ሰውየው ከልጁ ጋራ ይስቃል፥ ወደ እርሻውም ይወጣል።

ድባቴ ግን በየዕለቱ ማለት ይቻላል፥ አብዛኛውን ቀን ይዞ፥ ከ2 ሳምንት ያላነሰ ይቆያል። ዋና ምልክቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የማይለቅ ትካዜ፥ ሁለተኛው ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ነው። ከነዚህም ጋራ እንቅልፍ ይጠፋል ወይም ይበዛል፤ ምግብ ያስጠላል፤ ጉልበት ይከዳል፤ አሳብ ይበተናል፤ ሕመምተኛው ራሱን ከንቱና በደለኛ አድርጎ ይቈጥራል፤ አንዳንዱም ሞትን ይመኛል። በአገራችን ብዙ ሰው «አዝኛለሁ» አይልም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል፥ ልቤን ይጫነኛል» ይላል እንጂ። ማሾውን በወቅቱ ይዘራ የነበረ ገበሬ ከመደቡ መነሣት ሲያቅተው፥ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በዘር የሚወረስ ዝንባሌ፥ የዘመድ ሞት፥ ስደት፥ ድኽነት፥ ሥር የሰደደ ሕመም፥ ወሊድ፥ የመጠጥ ልማድም እየተደራረቡ ያመጡታል። የእምነት ማነስ ነው ብሎ መፍረድ ግን ስሕተት ነው። ነቢዩ ኤልያስ እንኳ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ሞቱን በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ እንጀራና ውኃ አቀረበለት እንጂ አልገሠጸውም።

በሽታው መድኀኒት አለው። በምክርና ሐኪም በሚያዝዘው ኪኒን ብዙዎች ይድናሉ። ኪኒኑ ሥራው እስኪታይ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋልና፥ «አልረዳኝም» ወይም «ተሽሎኛል» ተብሎ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥ። ጠበል የሚጠመቅም መድኀኒቱን ሊተው አይገባውም፤ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኀኒቱን አንድነት እንዲወስዱ መምከራቸው ለዚህም ምሳሌ ይሆነናል።

ከቤታችሁ አንድ ሰው ሞቱን ቢያነሣ፥ ራሱን ለመግደል አስቦ እንደ ሆነ በቀስታ ጠይቁት። መጠየቁ አሳቡን አያመጣበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። ብቻውን አትተዉት፤ ገመዱንና የተባይ መድኀኒቱን ከአጠገቡ አርቁ፤ ለነፍስ አባቱ ንገሩ፤ በዚያውም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።